የአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ መቼ ይጀምራል፣ መቼ ያበቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ስለ ጤና ኢንሹራንስ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ዋጋውን ነው፤ ውድ ስለሆነ አይፈረድበትም። ሰዎችን ቅጽ ሳስሞላ የማየው ግን ሌላ ነው፤ ትልልቁ ዕዳ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቀን ነው። ካርዱ ኪስ ውስጥ አለ፣ ሽፋኑ ገና አልጀመረም። ወይም ሽፋኑ ባለፈው ወር መጨረሻ ቆሟል፣ ሰውየው ግን አልሰማም። በዚያ መሀል አንድ ቀን ኢመርጀንሲ ከተገባ ቢሉ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ስለዚህ እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ቀን ናቸው። ወሮቹን በፈረንጆቹ አጠራር የጻፍኩት ደብዳቤው የሚደርስዎት በዚያው ስለሆነ ነው።

ማመልከቻውን ሞልቼ ጨርሻለሁ። ነገ ሐኪም ቤት ብሄድ ይሸፍንልኛል?

በማርኬትፕሌስ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ኦባማኬር በምንለው የመንግሥት የኢንሹራንስ መገበያያ በኩል ከሆነ፣ አይሸፍንልዎትም። ማመልከቻ መሙላት አንድ ነገር ነው፣ ፕላን መምረጥ ሌላ፣ የመጀመሪያውን ወር መክፈል ደግሞ ሌላ። ሦስቱም ካልተሟሉ ሽፋን የለም። ብዙ ሰው የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው። ፕላኑን መርጦ፣ ምዝገባው ተሳክቷል የሚለው ገጽ ሲመጣለት ያለቀ ይመስለዋል። ክፍያውን የሚጠብቀው ግን የኢንሹራንስ ኩባንያው ነው። ኩባንያው የመጀመሪያውን ክፍያ በቀነ ገደቡ ካላገኘ ምዝገባውን ይሰርዘዋል።

ሁሉን አሟልተውም ቢሆን ሽፋኑ የሚጀምረው በአብዛኛው ፕላን ከመረጡ በኋላ በሚመጣው ወር የመጀመሪያ ቀን ነው። ኦገስት 4 የመረጠም ኦገስት 29 የመረጠም የሚጀምረው ሴፕቴምበር 1 ነው። ዓመታዊው ምዝገባ ኖቬምበር 1 ይከፈታል፤ እስከ ዲሴምበር 15 የመረጠ ሰው ጃንዋሪ 1 ይጀምርለታል። የራሳቸው ማርኬትፕሌስ ያላቸው እንደ ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያ ያሉት ቀኑን ሊያራዝሙት ይችላሉ፤ እኔ ግን የትም ይኑሩ የት ዲሴምበር 15ን የመጨረሻ ቀን አድርገው ይያዙ እላለሁ።

ኩባንያው ጋ ሲደውሉ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ "ኢፌክቲቭ ዴት (ሽፋኑ የሚጀምርበት ቀን) መቼ ነው?" ካርዱ የደረሰበት ቀን ምንም አይወስንም። ካርድ ሳይደርስ ሽፋን ሊጀምር ይችላል፣ ካርድ ደርሶም ሽፋኑ ላይጀምር ይችላል።

ሥራ ስለቅ ኢንሹራንሴ በዚያው ዕለት ይቆማል?

እንደ መሥሪያ ቤቱ ፕላን ነው። አንዳንዱ በመጨረሻው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ይዘጋል፤ አንዳንዱ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆያል። ይህን ከመልቀቅዎ በፊት የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉን (ኤችአርን) በኢሜይል ይጠይቁ። በስልክ የተነገረ ቃል በኋላ ማስረጃ አይሆንም፤ ማርኬትፕሌስ ደግሞ ሽፋንዎ ያበቃበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ሊጠይቅዎት ይችላል።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ጁን 12 ከሥራ ተቀነሰ፤ የመሥሪያ ቤቱ ፕላን እስከ ጁን 30 ይዘልቃል። በማርኬትፕሌስ ልዩ የምዝገባ ጊዜ አለው፤ ሽፋኑ ከሚያበቃበት ቀን 60 ቀን በፊት ይከፈትና 60 ቀን ካለፈ በኋላ ይዘጋል። ይህ ሰው እስከ ጁን 30 ፕላን ከመረጠ አዲሱ ጁላይ 1 ይጀምራል፤ ክፍተት የለም። "ትንሽ ልረፍ፣ ከዚያ አየዋለሁ" ብሎ ጁላይ 3 ቢመርጥ ግን የሚጀምርለት ኦገስት 1 ነው። በሦስት ቀን መዘግየት ሙሉው ጁላይ ባዶ ሆነ። 60 ቀን አለኝ ብሎ መዝናናት ሰውን የሚጎዳው እንዲህ ነው፦ 60 ቀኑ የመመዝገቢያ ጊዜ ነው፣ የሽፋን ጊዜ አይደለም።

በገዛ ፈቃዳቸው የለቀቁም ይህ መብት አላቸው። "እኔ ነኝ የለቀቅኩት፣ አይሰጡኝም" ብለው የሚተዉ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን የምጽፈው። የሚለቁበትን ቀን መምረጥ ከቻሉም ያስቡበት፤ ፕላኑ እስከ ወሩ መጨረሻ የሚሸፍን ከሆነ በወሩ 30 ከመልቀቅ በሚቀጥለው ወር 1 ወይም 2 መልቀቅ አንድ ሙሉ ወር ይጨምርልዎታል።

ኮብራ ምንድን ነው? በጣም ውድ ነው ይሉኛል።

እውነት ነው፣ ውድ ነው። ኮብራ የነበርዎትን የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ በራስዎ ገንዘብ የሚያስቀጥል የፌዴራል ሕግ ነው። ቀጣሪው ይከፍልልዎት የነበረውም በእርስዎ ላይ ይወድቃል፤ እስከ ጠቅላላ ዋጋው 102 ከመቶ ድረስ ሊያስከፍሉዎት ይችላሉ። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ቀጣሪዎች ይመለከታል። ከሥራ ለወጣ ሰው በአብዛኛው እስከ 18 ወር ይቆያል። ከዚያ ባነሰ ቦታ፣ ለምሳሌ በትንሽ ሬስቶራንት የሚሠሩ ከሆነ፣ ብዙ ስቴቶች ተመሳሳይ የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ የሚቆይበት ጊዜ ግን ከስቴት ስቴት ይለያያል።

ዋጋውን አይተው ወዲያው ደብዳቤውን እንዳይጥሉት። የኮብራ ትልቁ ጥቅም ወደ ኋላ መሄዱ ነው። ማስታወቂያው ከደረሰዎት ወይም ሽፋኑ ከቆመ ቀን ጀምሮ፣ ከሁለቱ ከዘገየው ተቆጥሮ፣ ለመወሰን 60 ቀን አለዎት። እፈልጋለሁ ብለው ከፈረሙ በኋላም የመጀመሪያውን ክፍያ ለመክፈል 45 ቀን ይሰጥዎታል። ሲከፍሉ ሽፋኑ ከቆመበት ቀን ጀምሮ እንዳልተቋረጠ ይቆጠራል።

ወደዚያው ሰው እንመለስ። ጁላይ ባዶ ነው፣ የማርኬትፕሌሱ ኦገስት 1 ይጀምራል። ጁላይ 20 ልጁ ከብስክሌት ወድቆ ክንዱ ተሰበረ፤ ራጅ፣ ጀሶ፣ የአጥንት ሐኪም። ውሳኔው 60 ቀን ስላላለፈው ኮብራን ይፈርማል፣ የጁላይን ወር ብቻ ይከፍላል፣ የልጁም ሕክምና በድሮው ኢንሹራንስ ይሸፈናል። ልጁ ባይወድቅ ኖሮ ምንም ሳይከፍል ያልፍ ነበር። ሆስፒታሉ በዚያ ዕለት ሽፋን የለም ብሎ ስለሚመዘግብ ከከፈሉ በኋላ ደውለው ቢሉን እንደገና ለኢንሹራንሱ እንዲልኩ ማድረግ ያስፈልጋል። ፋርማሲ ላይ በኪስ የከፈሉበትን ደረሰኝም አይጣሉ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ኮብራ ገብተው የ60 ቀኑ የማርኬትፕሌስ ጊዜ ካለፈ በኋላ "ከበደኝ" ብለው ቢያቋርጡት፣ ማቋረጥዎ ብቻውን አዲስ የምዝገባ ጊዜ አይከፍትልዎትም። እስከ ዓመታዊው ምዝገባ ሊጠብቁ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር መጀመሪያ ማርኬትፕሌስን በጊዜ መጨረስ፣ ኮብራን ደግሞ ለክፍተቱ ወር በመጠባበቂያነት መያዝ ነው። ሕክምና ላይ ያለ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም የዓመቱን ዲዳክቲብል፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣውን፣ ከፍሎ የጨረሰ ሰው ግን ኮብራ ሊያዋጣው ይችላል፤ በዓመቱ አጋማሽ ወደ አዲስ ፕላን ሲዛወሩ ዲዳክቲብሉ ከዜሮ ይጀምራልና።

አዲስ ሥራ ጀምሬአለሁ። ኢንሹራንሱ ከመጀመሪያው ቀን ይሠራል?

አንዳንድ ቦታ አዎ፣ ብዙ ቦታ ግን መጠበቂያ ጊዜ አለ። ሕጉ ቀጣሪው ከ90 ቀን በላይ እንዳያስጠብቅዎት ይከለክላል። የመመዝገቢያው ቅጽ ሲሰጥዎት በተባለው ቀን ይመልሱት፤ ካለፈዎት እስከ መሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ ምዝገባ ድረስ ሊዘጋብዎት ይችላል። የድሮውን ኢንሹራንስ ደግሞ የአዲሱን መጀመሪያ ቀን በጽሑፍ ሳያዩ አይሰርዙ።

የአንድ ወር ክፍያ አምልጦኛል። ተቆርጧል ማለት ነው?

በማርኬትፕሌስ የመንግሥት የክፍያ ድጋፍ ካለዎትና ቢያንስ አንድ ወር ሙሉ ከፍለው ከነበረ የሦስት ወር ፋታ አለዎት። ይህ ፋታ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። አፕሪልን ሳይከፍሉ ቀሩ እንበል። በአፕሪል የታከሙትን ኢንሹራንሱ ይከፍላል። ሜይና ጁን ላይ የታከሙትን ግን ክፍያውን ይዞ ያቆየዋል። እስከ ጁን 30 ሦስቱንም ወር አጠናቀው ከከፈሉ ሁሉም ይስተካከላል። አንዱን ወር ብቻ መክፈል አያድንም። ካልከፈሉ ሽፋንዎ ያበቃው አፕሪል 30 ላይ እንደነበረ ይቆጠራል፤ የሜይና የጁን ቢል በሙሉ ወደ እርስዎ ይመጣል። ድጋፉ የሌለው ሰው ፋታው በጣም ያነሰ ነው፣ በብዙ ስቴት አንድ ወር ገደማ።

ከሁሉ የሚከፋው ቀጥሎ ያለው ነው። ባለመክፈል የተቋረጠ ኢንሹራንስ ልዩ የምዝገባ ጊዜ አያስገኝም። ክፍያው በባንክ ካርድ የሚቆረጥ ከሆነ ካርዱ ሲታደስ ወይም ሲቀየር ቁጥሩን ቶሎ ያስገቡ፤ ሰው ሳያስበው የሚቆረጥበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ልጅ ተወልዶልናል። ሆስፒታሉ መዝግቦታል፣ በቂ አይደለም?

በቂ አይደለም። ሆስፒታሉ የመዘገበው ለልደት ሰርተፍኬትና ለሶሻል ሴኪዩሪቲ ነው፤ ኢንሹራንሱ ላይ የሚያስገቡት እርስዎ ነዎት። በመሥሪያ ቤት ፕላን ቢያንስ 30 ቀን፣ በማርኬትፕሌስ 60 ቀን አለዎት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካስገቡት ሽፋኑ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ በወር መጀመሪያ ከሚለው ደንብ ውጭ ከሆኑት ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥሩ እስኪመጣ አይጠብቁ። ገንፎውም እንግዳውም ባለበት በዚያ ሰሞን ቀኑ ሳይታወቅ ስለሚያልፍ፣ ከወላጆቹ ይልቅ አንድ የቅርብ ዘመድ ይህን ጉዳይ እንዲከታተል ቢመደብ ጥሩ ነው።

ልጃችን 26 ዓመት ሊሞላው ነው።

በመሥሪያ ቤት ፕላን ከሆነ በልደቱ ቀን ወይም በልደቱ ወር መጨረሻ ይወጣል፤ የትኛው እንደሆነ ፕላኑን ይጠይቁ። በማርኬትፕሌስ ከእናንተ ጋር ከሆነ እስከ ዲሴምበር 31 ይቆያል። ሲወጣ የራሱ 60 ቀን ይከፈትለታል፣ ኮብራም እስከ 36 ወር መውሰድ ይችላል።

ሜዲኬይድ ከመቼ ይጀምራል? ለምንስ ይቋረጣል?

ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው ሽፋን፣ የምዝገባ ወቅት የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ ማመልከት ይቻላል። በብዙ ስቴቶች ከማመልከቻው በፊት ለነበሩት እስከ ሦስት ወራትም፣ በወቅቱ ብቁ ከነበሩ፣ ይከፍላል። በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግን ይህን ወደ ኋላ የሚሄድ ጊዜ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ያሳጥረዋል፤ በገቢያቸው ማነስ ብቻ ለሚገቡ ጎልማሶች አንድ ወር፣ ለሌሎች ሁለት ወር ይሆናል። ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ሰዎች "ቢሉ ይምጣና አመለክታለሁ" ማለታቸውን እንዲተዉ የምለምነው ለዚህ ነው።

የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ ገቢ ስለጨመረ ሳይሆን የማደሻው ፖስታ ሳይመለስ ስለቀረ ነው። ቤት ሲቀይሩ አድራሻዎን ለሜዲኬይድ ቢሮ ያሳውቁ። ወረቀት ባለመመለስ ከተቋረጠብዎት፣ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ የጎደለውን ብታቀርቡ በብዙ ሁኔታ አዲስ ማመልከቻ ሳያስፈልግ ይታይልዎታል። የማቋረጫው ደብዳቤ ስህተት ከመሰለዎት ይግባኝ ይበሉ፤ ሽፋኑ ከሚቆምበት ቀን በፊት ይግባኝ ያለ ሰው ውሳኔ እስኪሰጥ ሽፋኑ እንዲቀጥልለት መጠየቅ ይችላል።

አንድ ከባድ ለውጥ ደግሞ አለ። ያው በ2025 የወጣው ሕግ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በስደተኛነት (ሬፊውጂ) የገባ ወይም ጥገኝነት (አሳይለም) ያገኘ ሆኖ ግሪን ካርድ የሌለውን አብዛኛውን ሰው ከፌዴራል ሜዲኬይድ ያስወጣል። ስቴቱ በራሱ ገንዘብ ሊቀጥልለት ይችል እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥገኝነት ካገኙ አንድ ዓመት የሞላችሁና ግሪን ካርዱን "ሲደርስ አስገባለሁ" ብላችሁ ያቆያችሁት ካላችሁ፣ ከጠበቃ ጋር ተነጋግራችሁ አሁኑኑ አስገቡ።

እናትና አባቴ ከኢትዮጵያ መጥተዋል። እነሱንስ መቼ ይሸፍናቸዋል?

ለጉብኝት ከመጡ የሚሆናቸው የጎብኚ ኢንሹራንስ ነው። በፖሊሲው ላይ በተጻፈው ቀን ጀምሮ በተጻፈው ቀን ያበቃል፤ ቆይታቸው ከተራዘመ ቀኑ ሳያልቅ ያስረዝሙት። ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም፤ ሲገዙ ይህን ክፍል ማንበብ ከዋጋው ይቀድማል።

በግሪን ካርድ ከመጡ ከገቡበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ውስጥ በማርኬትፕሌስ መመዝገብ ይችላሉ። ዘመድ እየጠየቀ፣ ሰርጉና ክርስትናው እየተከታተለ ሁለት ወሩ ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ ዓመታዊውን ምዝገባ መጠበቅ ነው። ሜዲኬይድ ለአብዛኛው አዲስ የግሪን ካርድ ባለቤት የ5 ዓመት መጠበቂያ አለው። በዚህ ምክንያት ሜዲኬይድ የማያገኙና ገቢያቸው ከድህነት ወለል በታች የሆነ ሰዎች ይወስዱት የነበረው የማርኬትፕሌስ የክፍያ ድጋፍ ደግሞ ከ2026 ጀምሮ ቀርቷል። ሆኖም ወላጆችዎን በታክስ ላይ ጥገኛ አድርገው የሚያስገቡ ከሆነ የሚታየው የቤተሰቡ ገቢ፣ የእርስዎም ጭምር ነው፤ ስለዚህ "አይሰጣቸውም" ተብሎ ብቻ አይተው። ዕድሜያቸው 65 ያለፈ ቢሆንም ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ወዲያው አይገኝም፤ አሜሪካ ሠርተው የማያውቁ ከሆነ 5 ዓመት ያለማቋረጥ መኖር ይጠበቅባቸዋል፣ ከዚያም በክፍያ ነው።

65 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሜዲኬር በራሱ ይጀምራል?

የሶሻል ሴኪዩሪቲ ጡረታ መውሰድ የጀመሩ ከሆነ አዎ። ካልጀመሩ ራስዎ ያመለክታሉ። ጊዜው ሰባት ወር ነው፦ 65 የሚሞላዎት ወር፣ ከፊቱ ያሉት ሦስትና ከኋላው ያሉት ሦስት። ከልደትዎ ወር አስቀድመው ከተመዘገቡ በልደትዎ ወር 1 ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ከተመዘገቡ በሚቀጥለው ወር 1። ሥራ ላይ ሆነው በ20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ የተሸፈኑ ከሆነ ፓርት ቢን፣ ማለትም የሐኪም ክፍያ የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል፣ ማዘግየት ይችላሉ፤ ሥራው ወይም ሽፋኑ ሲያበቃ 8 ወር ይሰጥዎታል። ኮብራ ላይ መሆን ይህን 8 ወር አያስቆመውም። ብዙ ሰው "ኢንሹራንስ አለኝ" ብሎ በኮብራ 18 ወር ተቀምጦ፣ በኋላ ፓርት ቢ ዕድሜ ልክ የሚከተል ቅጣት ይጨመርበታል፤ ለእያንዳንዱ ያለፈ ሙሉ ዓመት 10 ከመቶ ነው።

ማርኬትፕሌስ ላይ ካሉ ሜዲኬር ሲጀምር ያኛው በራሱ አይቆምም። ደውለው ያስቁሙት፣ አለዚያ የተሰጠዎትን የክፍያ ድጋፍ በታክስ ጊዜ ሊመልሱ ይችላሉ።

ለጥቂት ወራት ኢትዮጵያ ልሄድ ነው። ኢንሹራንሱን ላቋርጠው?

አያቋርጡት። ሜዲኬይድም ሆነ መደበኛው ሜዲኬር አዲስ አበባ ላይ የታከሙትን በአብዛኛው አይከፍሉም፤ ለዚያ የጉዞ ኢንሹራንስ ይግዙ። የማርኬትፕሌሱን ክፍያ ቢተዉት ግን ባለመክፈል ተቋረጠ ይባላል፣ ሲመለሱም በሩ ተዘግቶ ይጠብቅዎታል። ለዘመድ ጥየቃ ሄዶ መመለስ ወደ አሜሪካ እንደ መዛወር ስለማይቆጠር አዲስ የምዝገባ ጊዜ አይከፍትልዎትም።

ኤስኤስአይ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን ወርሃዊ የመንግሥት ድጎማ፣ የሚቀበሉ አዛውንቶች ደግሞ ልብ ይበሉ። 30 ቀን በተከታታይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆዩ ገንዘቡ ይቆማል፤ ተመልሰውም 30 ቀን ተከታታይ እዚህ መቆየት አለባቸው። በብዙ ስቴቶች ሜዲኬይዳቸው ከኤስኤስአይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እሱም ሊነካ ይችላል። ለፋሲካ ሄደው እስከ ግንቦት ማርያም ሊሰነብቱ ካሰቡ ቲኬት ከመቁረጣቸው በፊት ቀኑን ይቁጠሩላቸው።

ኢንሹራንሴ ካበቃ በኋላ ቢል መጣልኝ።

አይደንግጡ፣ ወዲያውም አይክፈሉ። ወሳኙ ቢሉ የመጣበት ቀን ሳይሆን የታከሙበት ቀን ነው፤ ቢሉ ላይ "ዴት ኦፍ ሰርቪስ" ተብሎ ይጻፋል። በዚያ ቀን ሽፋን ከነበረዎት ኢንሹራንሱ ዛሬ ቢዘጋም መክፈል ያለበት እሱ ነው። ስለዚህ የድሮውን ካርድ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያስቀምጡ።

በአማርኛ የሚያስረዳኝ አገኛለሁ?

አዎ፣ በነጻ። በፌዴራሉ ማርኬትፕሌስ ስልክ 1-800-318-2596 ደውለው "አምሃሪክ" ብቻ ይበሉ፤ አስተርጓሚ እስኪገናኝ መስመሩ ላይ ይጠብቁ። ሆስፒታሎችና የሜዲኬይድ ቢሮዎችም አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው አያስተርጉሙበት። ሲደውሉ የመጨረሻው የሽፋን ደብዳቤ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀትዎና የገቢ ማስረጃ አጠገብዎ ይሁን፤ ያነጋገረዎትን ሰው ስም፣ ሰዓቱንና የጉዳዩን ቁጥር ጽፈው ይያዙ።